የከንፈር ጉብኝት በሐዋሳ፦ የፌንጣን፣ የዝንብንና የበሶብላን ከንፈር እንዴት እናያለን?

እኛ ከንፈር የምንመጠው ስናዝን ነው። ዝንብ በከንፈሯ የምትመጠው ሲርባት ነው። ፌንጣም ከንፈር አላት፣ ቢምቢም አላት። በሶብላ ሳይቀር አለው። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው።

ይሄን ያወቅኩት የእህቴ ልጅ የሰባተኛ ክፍል የቤት ሥራዋን ይዛ መጥታ፣ "አጎቴ፣ ፌንጣ የላይና የታች ከንፈር አላት ይላል። የታለ?" ብላ ስታፋጥጠኝ ነው። አላውቅም ማለት ከበደኝ። "ነገ ጠዋት እናያለን" አልኳት። ያ ነገ ጠዋት ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ዛሬ እንደገና ብጀምረው እንዲህ አደርገው ነበር።

መጀመሪያ ዕቃ

ብዙ አይደለም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ካለ ሰርግና ምላሽ ነው። ሌላው ወረንጦ፣ ሁለት ስፒል፣ ነጭ ወረቀት፣ ጥርት ያለ የሻይ ብርጭቆ፣ ትንሽ ስኳር፣ ስቴኪኒና ጥቁር እስክሪብቶ ነው። ለመያዣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ጨምሩ። አለቀ።

አጉሊ መነጽር አያያዝ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክንዱን ዘርግቶ ዕቃው ላይ ይደቅነዋል። እንደዚያ አይደለም። መነጽሩን ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ያዙ። ከዚያ የምታዩትን ነገር ወደ መነጽሩ አምጡት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው ድንገት ጥርት ይላል። ፀሐይዋ የምታዩት ነገር ላይ ትረፍ፤ የራሳችሁ ጥላ እንዳይከልለው። ፎቶ ከፈለጋችሁ መነጽሩን ከስልካችሁ ካሜራ ፊት ለጥፉት። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ።

ፌንጣ

ፌንጣ የሚያዘው በጠዋት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ሰውነቷ ገና አልሞቀም፤ መዝለል ይሰንፋታል። እኛ መጀመሪያ ቀን አርፍደን፣ 4 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራ ግርጌ ሣር ለሣር ስንሯሯጥ ቆይተን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ላብ በላብ መሆናችን ብቻ ተረፈን።

ከያዛችኋት በኋላ ዕቃው ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩዋት። ፍሪዘር አላልኩም። ቅዝቃዜው ያደነዝዛታል እንጂ አይገድላትም። እኔ አስገብቻት ስልክ ሳወራ ረሳኋት። ቂቤ ፍለጋ ፍሪጅ የከፈተችው እህቴ ክዳኑን አንስታ ያሰማችው ጩኸት እስከ መንገድ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዕቃው ላይ "ቂቤ አይደለም" ብዬ እጽፋለሁ። እናንተም ጻፉ።

አሁን ደረቷን ግራና ቀኝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ፊቷን ወደ እናንተ አዙሩ። ግንባሯን ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ። አፏ ላይ እንደ መዝጊያ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ነገር ታገኛላችሁ። ጠርዙ መሃል ላይ ጎደል ያለ ነው። ላብረም የሚባለው የላይ ከንፈር ይሄ ነው። እንደኛ ሥጋ አይደለም፤ ጠንካራ ቅርፊት ነው።

በስፒሉ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ግለጡት። ከሥሩ ጥቁር፣ ጥርሳም መንጋጋዎች ይታያሉ። እነዚህ የሚገጥሙት እንደኛ ከላይና ከታች አይደለም። እንደ መቀስ ከግራና ከቀኝ ነው። ያቺ ጎደል ያለች ቦታም ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም። ፌንጣ ቅጠል ስትበላ የቅጠሉ ጠርዝ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ወደ መንጋጋዎቹ ይመራል። ማመን ካቃታችሁ ስትለቋት የሣር ቅጠል ስጧትና ከጎን ሆናችሁ እዩ።

የታችኛውን ከንፈር ለማየት ገልብጧት። አገጭ መሆን በነበረበት ቦታ ላቢየም የሚባለው አለ። ሁለት ሰፋፊ ቁራጮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ስንጥቅ አለ። ከግራና ከቀኙ ባለ ሦስት አንጓ ዳሳሾች ይንቀሳቀሳሉ፤ ምግቡን የምትነካካው በእነሱ ነው። ስንጥቁን አትለፉት። የነፍሳት የታች ከንፈር የተሠራው መሃል ላይ ከተጋጠሙ ሁለት እግር መሰል አካላት ነው። ፌንጣዋ ገና ዕንቁላል ውስጥ ሳለች ሁለቱ ለየብቻቸው ይጀምራሉ፤ በኋላ ይጣበቃሉ። የምታዩት ስንጥቅ የስፌቱ ምልክት ነው።

ስትይዟት ቡናማ ነገር ትተፋባችኋለች። አትደንግጡ፤ የበላችው ቅጠል ነው። ነጭ ሸሚዝ ግን አትልበሱ። ስትጨርሱ ከያዛችሁበት ቦታ ልቀቋት።

ዝንብ በብርጭቆ

ዝንብ አያያዝ የሚያስተምር ሰው አያስፈልግም። አሞራ ገደል ዓሣ ከሚበለትበት አጠገብ መቆም ይበቃል፤ ግን የቤቱም ያገለግላል።

ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጡ። በጣታችሁ የብርጭቆውን የውስጥ ግድግዳ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ብርጭቆውን ዝንቧ ላይ ድፉባትና ወረቀት ከሥር አንሸራቱ። ከዚያ ጠብቁ። መጀመሪያ ትበረግጋለች፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይታ ግድግዳው ላይ መራመድ ትጀምራለች።

ዝንብ በእግሯም ትቀምሳለች። እግሯ ስኳሩን እንደነካ ከጭንቅላቷ ሥር ታጥፎ የነበረው ግንድ ዝቅ ይላል። ጫፉ ላይ ሁለት ለስላሳ ትራሶች አሉ። እናንተ በመስታወቱ ማዶ ስላላችሁ፣ ትራሶቹ ብርጭቆው ላይ እንደ ማህተም ሲዘረጉ ፊት ለፊት ታያላችሁ። ይሄ የታች ከንፈሯ ጫፍ ነው፤ ላቤለም ይባላል። በመነጽር ስታዩት ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ፈሳሹን ወደ አፏ የሚሰበስቡት ቦዮች እነዚያ ናቸው። ስኳሩ ደርቆ ከሆነ ምራቋን አፍስሳ ታሟሟዋለች። ማዕድ ላይ ያረፈች ዝንብ ለምን እንደምትባረር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ብርጭቆውን በፈላ ውሃ እጠቡ።

ቢምቢን ባጭሩ ልለፍ። መስኮት ጥግ ደርቃ የሞተች ፈልጉ፤ በጥፊ የተጨፈለቀች አትሆንም። ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ ያንን ረጅም መርፌ በስፒል ነካ ነካ አድርጉት። ከውጪ ያለው ወፍራሙ የታች ከንፈር ነው፤ ሥራው ሰገባ መሆን ነው። ሴቷ ቢምቢ ውስጡ ስድስት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሏት። አንዱ የላይ ከንፈሯ ነው፤ ደም የሚሳበው በእሱ በኩል ነው። ስትነክስ ሰገባው ወደ ኋላ ይታጠፋል እንጂ ቆዳ ውስጥ አይገባም። ይሄን በዓይኔ ላረጋግጥ ብላችሁ ግን ክንዳችሁን አትዘርጉላት። ወባ ባለበት አካባቢ ነው የምንኖረው።

አሁን ወደ ጓሮ

በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የቤተሰቡ የድሮ የላቲን ስም ራሱ ከንፈር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ለጋ ግንዳቸውን በጣታችሁ ስታሽከረክሩት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቃችኋል።

ዳማከሴውን የወሰድኩት ከጎረቤቴ ጓሮ ነው።

"እትዬ፣ ትንሽ ዳማከሴ ልቁረጥ?"

"ውይ የኔ ልጅ፣ ምች መታህ እንዴ?"

"አይ፣ የአበባውን ከንፈር ላየው ፈልጌ ነው።"

ዝም ብለው አዩኝ። "እንግዲያስ ምች ነው እንጂ!" አሉና ራሳቸው ቆርጠው ሰጡኝ።

የአበባው ሥራ እንዲህ ነው። በጠዋት አዲስ የፈካ አበባ ያለበትን ዘለላ ቁረጡ። አንድ የበሶብላ ወይም የዳማከሴ፣ አንድ ደግሞ የሰንሰል ይኑራችሁ። ሰንሰል አንዳንዱ ሰው ስሚዛ የሚለው፣ ለአጥር የሚተከለው፣ ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። አንዱን አበባ በወረንጦ ነቅላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ በጎኑ አስተኙት።

መጀመሪያ የበሶብላውን እዩ። መልካበባው፣ ማለትም ባለ ቀለሙ የአበባው ቅጠል፣ ከሥር ቱቦ ሆኖ ይጀምርና አፉ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ላይኛው ከንፈር ጫፉ አራት ቦታ ተከፍሏል። ታችኛው አንድ ወጥ ነው፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ምላስ ይመስላል። ብናኝ የሚይዙት አራቱ ወንዴ ክሮች የት እንዳሉ ልብ በሉ። ታችኛው ከንፈር ላይ ተጋድመዋል።

አሁን ሰንሰሉን። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ላይኛው ከንፈር ቆብ ይመስላል። ታችኛው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወደ ውጪ ተዘርግቷል፤ ወደ ጉሮሮው ስትጠጉ ብዙ ጊዜ ሐምራዊ ምልክት አለበት። ምልክቱ ለንቧ "በዚህ ግቢ" የሚል ነው። ወንዴ ክሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። እነሱም ከቆቡ ሥር ተጠግተው ወደ ታች ይመለከታሉ።

ቀጥሎ ንብ እንሁን። ስቴኪኒውን በእስክሪብቶ አጥቁሩትና አድርቁት፤ ብናኙ በጥቁር ላይ ጎልቶ ይታያል። ታችኛውን ከንፈር ተንተርሳችሁ ወደ ቱቦው ቀስ ብላችሁ አስገቡት። ሳታዞሩት አውጡትና በመነጽር እዩ። ሰንሰል ላይ ብናኙ ስቴኪኒው ጀርባ ላይ ነው። አዲስ ስቴኪኒ ይዛችሁ በሶብላው ላይ ስትደግሙት ብናኙ ከሆዱ በኩል ነው።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። ያቺው ንብ ጠዋት ሁለቱም ቤት ልትገባ ትችላለች። ሰንሰል ጀርባዋን ይቀባታል፣ በሶብላ ሆዷን። የጀርባው ብናኝ ሌላ ሰንሰል ጋ ስትሄድ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይደርሳል። ብዙም አይምታታም። ታችኛው ከንፈር ማረፊያ መሆኑን ሁሉም ሰው ይገምታል፤ ንቧን በልክ የሚያቆማት መለኪያ መሆኑን ግን እኔ ከስቴኪኒው በፊት አላሰብኩትም። የጥንቶቹ የከንፈር ወዳጅ ሲሉ ይሄን አስበው ባይሆንም፣ ለንብና ለሰንሰል ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

አበባውን ከመጣላችሁ በፊት የቱቦውን ሥር ፈትሹ። ጎኑ የተሸነቆረ ካገኛችሁ ሌባ ገብቶበታል። አንዳንድ ትልልቅ ንቦች በከንፈሩ በኩል መግባት ሳያስፈልጋቸው ከጎን ቀደው ወለላውን ይጠጣሉ። ብናኝ የሚባል አይነካቸውም።

ከዚያ ራስ ክምርን ፈልጉ። ከክረምት በኋላ መንገድ ዳር ረጅም ግንዱ ላይ ብርቱካናማ አበባ በክብ በክብ ደርድሮ የሚቆመው ነው። የላይ ከንፈሩ ረጅም ነው፤ እንደ ከፋይ ጨርቅ ፀጉር አለው። የታቹን ስትፈልጉ ግን ትቸገራላችሁ። ትንሽ ነው፤ ቶሎ ጠውልጎ ይኮማተራል። ለምን? እኔ ስፈላሰፍ የእህቴ ልጅ ቀደመችኝ። ምንቃሯ ቀጭንና ጎባጣ የሆነች፣ ፀሐይ ሲነካት የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ መጥታ ነበር። "አጎቴ፣ እያት፣ ግንዱ ላይ ነው የቆመችው" አለችኝ። በቃ፣ ይሄው ነው። ደንበኛዋ ግንድ ላይ የምትቆም ወፍ ከሆነች ማረፊያ ምን ያደርጋል?

ኦርኪድና ኮረሪማ

ኦርኪድ ላይ ከሦስቱ መልካበባዎች አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። እሱም ላቤለም ይባላል፤ እንደ ዝንቧ። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የተቀመጠ ኦርኪድ ካያችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ተጠጉት። በመጀመሪያ ግን ፕላስቲክ አለመሆኑን አረጋግጡ። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ አሥር ደቂቃ ሙሉ ፕላስቲክ መርምሬያለሁ፤ አስተናጋጁ ሳይነግረኝ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

እውነተኛ ከሆነ አበባውን የያዘችውን ቀጭን አንገት እዩ። ብዙዎቹ ኦርኪዶች እምቡጥ ሳሉ ከንፈሩ ወደ ላይ ነው፤ ሲፈኩ አንገታቸው ግማሽ ዙር ይዞርና ከንፈሩ ታች ይመጣል። ጥምዝምዙ አንዳንዴ በዓይን ይታያል። ወንዶ ገነት ደን ብትወጡ ዛፍ ላይ የሚበቅሉ አሉ። እነሱን በዓይን ብቻ፤ አትንቀሉ። ሜዲትራኒያን አካባቢ ደግሞ ከንፈሩ ሴት ንብ የሚመስል ኦርኪድ አለ። ወንዱ ንብ ተታሎ ሊገናኛት ሲታገል ብናኝ ተሸክሞ ይሄዳል።

ቫኒላም ኦርኪድ ናት። ከሜክሲኮ ወጥታ ሌላ አገር ስትተከል ታብባለች እንጂ ፍሬ አትሰጥም ነበር። በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሬዩኒየን ደሴት ላይ ኤድሞንድ አልቢየስ የሚባል የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ መላ አገኘላት። በቀጭን ስንጥር በወንዴውና በሴቴው መካከል ያለችውን ልባስ አነሳ፤ በአውራ ጣቱ ሁለቱን አገናኘ። እስከ ዛሬም ቫኒላ በእጅ የሚዳቀለው በዚያው መንገድ ነው። እናንተም በስፒልና በወረንጦ የምትሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ኮረሪማ ያለው ጓሮ ካገኛችሁ አበባውን ከቅጠሉ መሃል አትፈልጉ። ሥሩ ጋ፣ መሬት ጠጋ ብሎ ነው የሚወጣው። ጎልቶ የሚታየው ሰፊው ክፍል ከንፈሩ ነው። የሚገርመው መልካበባ አለመሆኑ ነው። ብናኝ መሥራት የተዉ ወንዴ ክሮች ተጣብቀው የሆኑት ነው። ዝንጅብልና እርድም እንዲሁ ናቸው።

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ጭምብል

እኛ ሰፈር የውሃ እናት የምንላት አለች። አራት ክንፏን ዘርግታ ሐይቁ ላይ የምታንዣብበው፣ ወገቧ እንደ ስንደዶ የቀጠነው። ልጅነቷን የምታሳልፈው ውሃ ውስጥ ነው። እዚያ ሳለች የታች ከንፈሯ ክንድ ነው። እንደ ክርን ይታጠፋል፤ አገጯ ሥር ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዶቹ ላይ ፊታቸውን እንደ ጭምብል ይሸፍናል። ትል ወይም የቢምቢ እጭ ሲያልፍ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተወንጭፎ ጫፉ ላይ ባሉት መንጠቆዎች ይለቅመዋል።

ይሄን ለማየት ውሃ ውስጥ አትግቡ። ሐይቁ ቢልሃርዝያ አለበት፤ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ጉማሬም አለ፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ዳር ወጥቶ ይግጣል። ስለዚህ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ 2 ሰዓት አካባቢ፣ ሰው በሚመላለስበት ፍቅር ሐይቅ በኩል ሂዱ።

የምትፈልጉት እጩን ሳይሆን የጣለችውን ቆዳ ነው። አድጋ ስትጨርስ ቄጠማ ወይም ድንጋይ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰንጥቃ ትወጣና ትበራለች። ባዶ ቆዳዋ እንደ ያዘ ይቀራል። ቡናማ ነው፤ የሞተ ነፍሳት ይመስላል። ጀርባው ስንጥቅ ካለውና ከስንጥቁ ነጫጭ ክሮች ከተንጠለጠሉ እሱው ነው። ክሮቹ የአየር ቧንቧዎቿ ሽፋን ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ስለሚረግፍ ቀድማችሁ ልቀሙ።

ቤት ስትደርሱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ሳሙና ጨምራችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት። ደረቅ እንደሆነ ከነካችሁት ይሰበራል፤ እኔ ሦስት ሰብሬያለሁ። ከለሰለሰ በኋላ ጀርባውን በወረቀቱ ላይ አስተኙት። አንዱን ስፒል ደረቱ ላይ ጫን አድርጉ። በሌላው አገጩ ሥር ያለውን ነገር ጫፉን ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡት። ይዘረጋል። ከዚያ እንደገና ይዘረጋል። የእህቴ ልጅ "እንዴ! አያልቅም እንዴ?" ያለችው እዚህ ጋ ነው።

ከንፈሩ እንደተዘረጋ ጥላ ሥር ይድረቅ። ከዚያ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ አንጥፋችሁ አስቀምጡት፤ ቀኑንና ቦታውን ጀርባው ላይ ጻፉ። አይሸትም፣ አይበሰብስም፣ ፍሪጅም አይፈልግም። እህቴ ይሄን የመጨረሻውን ስትሰማ ነው እፎይ ያለችው።